ወጣት ሠራተኛን ማሠራትና ማነሳሳት፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ካርድ፣ የምረቃ መጽሔት እንሠራለን። ሥራውን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። አብረውኝ ከሚሠሩት 11 ሰዎች 8ቱ ገና 25 ዓመት አልሞላቸውም። ካፌ፣ ጋራዥ፣ ፋርማሲ፣ የልብስ ሱቅ ካላቸው ወዳጆቼ ጋር ስንገናኝ ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ከታች ያሉት እነሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

መልሶቼ ውስጥ አንድ ነገር እየተመላለሰ ይመጣል። ከወዲሁ ልናገረው። ድሬ ላይ ከልጆቹ ጋር ሁሉን እናወራለን። ስለ ኳስ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰው ሠርግ። ስለ ሥራው ግን አናወራም። ምን እንደምንጠብቅበት፣ ስንት እንደምንከፍለው፣ ከዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ አንነግረውም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንቱታ ስለማይሆንልን "አንተ" እያልኩ እጽፋለሁ። አንቺም አለሽበት።

የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

አይመስለኝም። እኔ ሥራ ስጀምር ትልልቆቹ ስለ እኛም እንዲሁ ይሉ ነበር።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ የጓደኞቹን ቪዲዮ ሲያቀናብር ያድራል። ጠዋት እኔ ጋ ያንቀላፋል። ሰነፍ ቢሆን ሌሊትም ይተኛ ነበር። ያ ሁሉ ጉልበት እኔ በር ላይ ሲደርስ የት እንደሚገባ ገረመኝና ጠየቅሁት። "እዛ የሠራሁትን ሰው ያየዋል። እዚህ የምቆርጠው ወረቀት የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም" አለኝ።

እውነቱን ነው። አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲገባ ባለቤቱን እናገራለሁ። "ይቺ የሳቢያን ልጆች የምረቃ መጽሔት ናት። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እጃቸው መግባት አለባት።" አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጆቹ አርብ ማታ ራሳቸው "ቆይ እንጨርሳት" ማለት ጀመሩ።

"ጄን ዚ" ስለሚባለው ትውልድ የሚወራው ለእኛ ልጆች ይሠራል?

ብዙ ጊዜ ጄን ዚ የሚባሉት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2012 የተወለዱት ናቸው። በእኛ ከ1989 እስከ 2004 አካባቢ ይሆናል። አከፋፈሉ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያው አሜሪካ ግን ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2020 ጉዳዩን መርምረው፣ ሠራተኛን በትውልድ ስም ከፋፍሎ ማስተዳደር በቂ የጥናት መሠረት የለውም ብለዋል።

እኔም የማየው ይህንኑ ነው። እኔ ጋ የሚሠሩ ሁለት የ22 ዓመት ልጆች አሉ። አንዱ ገንደ ቆሬ ነው የሚኖረው፤ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን ያስተዳድራል። ሌላው ከወላጆቹ ጋር ነው፤ ደመወዙን ለልብስና ለስልክ ያደርጋል። የመጀመሪያው የሚፈልገው ትርፍ ሰዓት ነው። ሁለተኛው እሑድ እንዳይነካበት ነው የሚፈልገው። ሁለቱንም "ጄን ዚ" ብዬ አንድ ዓይነት ብይዛቸው አንዱን አጣለሁ። የትውልዱን ስም ከማወቅ ልጁን ጠርቶ "አንተ ከዚህ ሥራ ምን ትፈልጋለህ?" ማለት ይሻላል።

ድሬ ላይ አንቱታ የለም። ሠራተኛዬ "አንተ" እያለኝ እንዴት ልዘዘው?

ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ይህ ነገር መጀመሪያ ያስደነግጠዋል። እኔን የ19 ዓመት ልጅ ደንበኛ ፊት "አንቺ፣ ባነሩ አልቋል" ይለኛል። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ "እንዴት እንዲህ ያናግርሻል?" ብሎ ተቆጥቶልኝ ያውቃል። እኔ አልከፋኝም። እዚህ "አንቺ" ሲባል ንቀት የለበትም። ልጁ እናቱንም እንዲሁ ነው የሚላት።

ግን ቅርበቱ ያታልለናል። ስለምንሳሳቅ የተግባባን ይመስለናል። ልጁን በ6 ወር ውስጥ ስለሚደግፈው ቡድን፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ፍቅረኛው ጠይቀነዋል። የሥራ ድርሻው ምን እንደሆነ ግን አልነገርነውም። ከዚያ አንድ ቀን ሲያጠፋ ድንገት አለቃ እንሆናለን። ፊታችን ይለወጣል። ልጁ ግራ ይገባዋል። ትናንት ጀለሱ የነበረ ሰው ዛሬ ምን እንደነካው አያውቅም።

እኔ ቅርበቱን አልነካውም። ሥራውን ግን ወረቀት ላይ አወርደዋለሁ። አዲስ ልጅ ሲገባ አንድ ገጽ ጽሑፍ እሰጠዋለሁ። ስንት ሰዓት ይገባል? ምን ምን ይሠራል? ማን ያዘዋል? ስንት ይከፈለዋል? በየትኛው ቀን? አብረን እናነበዋለን። ያልገባውን ይጠይቃል። ከዚያ ይፈርማል፣ አንድ ቅጂ ይወስዳል።

ሕጉም ይህን ይፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። "አቦ፣ እየተዋወቅን ምን ወረቀት ያስፈልጋል!" የሚለኝ አሠሪ ብዙ ነው። መተዋወቁማ ጥሩ ነው። ደመወዝ ቀን ላይ "ብለሽኝ ነበር፣ አላልኩህም" የሚባባሉት ግን የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይደባለቃሉ። ያምራል። አደጋ ያለበትን ነገር ግን ልጁ በደንብ በሚሰማው ቋንቋ ንገረው። የወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ማስጠንቀቂያውን በ3ቱም ቋንቋ ለጥፌዋለሁ።

የሙከራ ጊዜ ስንት ነው?

ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። በጽሑፍ መሆን አለበት። "እስኪ እንየው" እያልክ ልጁን 6 ወር አታንሳፍፈው። እኔ በ60ው ቀን ውስጥ 2 ጊዜ ቁጭ አድርጌ አናግረዋለሁ፤ በሃያኛው ቀን ገደማና በአርባኛው። የጎደለውን ያኔውኑ ካልሰማ በመጨረሻው ቀን "አልሆንክም" ማለት ግፍ ነው።

ደመወዝ መጨመር አልችልም። ልጆቹን በምን ላነሳሳቸው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በጣም ብዙ ነው። መጀመሪያ እኔ የምጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ያለውን ደመወዝ በቀኑ ትከፍላለህ?

የኑሮ ውድነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ የቤት ኪራይ አለበት፤ አከራዩ ቀን አይጠብቀውም። አንተ "አብሽር፣ ነገ" ስትለው ከሰው ይበደራል። ነገ ሲከፈለው ብድር ይመልሳል። ከዚያ እንደገና ባዶ ነው። ደመወዝ በ5 ቀን ማዘግየት ለአንተ ትንሽ ነገር ነው። ለእሱ ወሩን ሙሉ ያበላሽበታል። እኔ በወሩ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ እልካለሁ። በእጄ ገንዘብ በማይኖርበት ወር ከ1 ሳምንት በፊት እናገራለሁ። ይህ የሆነው 2 ጊዜ ነው። ሁለቴም ማንም አልለቀቀም፤ ቀድሞ ስለተነገራቸው ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ትርፍ ሰዓት አለ። የሠርግ ሰሞንና የምረቃ ሰሞን እናመሻለን። በአዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓት ክፍያው በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ብዙ አሠሪ ይህን ሁሉ በአንድ ፈጢራና ሻይ ይዘጋዋል። ፈጢራው ጥሩ ነው፤ እኔም እጋብዛለሁ። ክፍያውን ግን አይተካም። ልጆቹ ይህን ስሌት በስልካቸው አግኝተውታል። ያውቃሉ። ዝም ያሉህ ስለሚያፍሩህ ነው።

ጡረታም እንዲሁ። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። የ21 ዓመት ልጅ ስለ ጡረታ ብዙም አያስብም። አሠሪው ለእሱ 11 በመቶ እንደሚከፍል ስትነግረው ግን ይገርመዋል። ንገረው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ስለ ሌላው ማነሳሻ የምናወራው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰውን ከውስጡ የሚያነሳሱት 3 ነገሮች ናቸው ይላሉ። በራስ መወሰን፣ እችላለሁ ብሎ መሰማት፣ ከሰዎች ጋር መተሳሰር። መተሳሰሩ ድሬ ላይ ሞልቷል። የሚጎድለን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

በራስ መወሰን ስል ትልቅ ነገር አይደለም። አንዷን ልጅ የስቲከር ጥቅልል ግዢውን አስረከብኳት። ወሰን አስቀመጥኩላት፤ ከዚህ ብር በላይ ከሆነ ጠይቂኝ አልኳት። ከዚያ በታች ግን ራሷ ትወስናለች። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳ ዋጋ ታወዳድራለች፣ ትከራከራለች። በ2 ወር ውስጥ ብክነታችን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ቀነሰ። ደመወዟ ያኔ አልተጨመረም። ተጨመረላት፤ በኋላ፣ ያተረፈችው ሲታይ።

ማመስገን ልጅ አያበላሽም?

አያበላሽም። "ካመሰገንኩት ይኮራብኛል" የሚል ፍርሃት ከወላጆቻችን ወርሰናል። ስለዚህ ጥሩውን እያየን ዝም፣ መጥፎውን ሲያደርግ ጩኸት። ልጁ ስሙን የሚሰማው ሲያጠፋ ብቻ ይሆናል።

ዝም ብሎ "ጎበዝ" ማለት ግን ብዙም አይጠቅም። ምኑ ጎበዝ እንደሆነ ንገረው። "ትናንት ደንበኛው ሲቆጣ ድምፅህን ሳታነሳ ጨረስከው፤ ወደድኩልህ።" ይህን የሰማ ልጅ ነገም እንዲያ ያደርጋል። ምኑን እንደሆነ አውቆታል።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ይሞታል። ሙቀትና ጫት። ምን ላድርግ?

ሙቀቱን ማንም አያሸንፈውም። አያቶቻችን ከ6 ሰዓት በኋላ ዘግተው የሚተኙት ሰንፈው አልነበረም። እኔ ሰዓቱን ከፍዬዋለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት እንገባለን፣ እስከ 6 እንሠራለን። ከዚያ ዕረፍት። 9 ሰዓት ተኩል ተመልሰን እስከ 12 ሰዓት ተኩል። ድምሩ ያው 8 ሰዓት ነው። ከዚህ በፊት ከ2 እስከ 10 ቀጥ አድርጌ ሞክሬው ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚበላሸው ወረቀት ብቻውን ኪሳራ ነበር።

ጫቱ ከባድ ጥያቄ ነው። ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ለዚህ አካባቢ ኑሮ ነው፤ ገበሬውም ነጋዴውም ባጃጁም በእሱ ይኖራል። ልጆቹን ስለ መቃም ልስበክ ብል አይሰሙኝም። ቤታቸው አባታቸው ይቅማል። እኔ የምይዘው ሥራዬን ነው። ሥራ ቦታ መቃም የለም። በዕረፍት ሰዓት የቃመ ሰው መቁረጫው ማሽን ጋ አይደርስም። ይህ ከመቀጠሩ በፊት ይነገረዋል፤ ወረቀቱም ላይ አለ። ስለዚህ ከባዱንና አደገኛውን ሥራ ጠዋት እንጨርሳለን። ከሰዓት ዲዛይን፣ ማሸግ፣ ለደንበኛ ማስረከብ ይሆናል።

አንድን ልጅ ግን ለብቻው አናግሬዋለሁ። ከደመወዙ ብዙው እዚያ እንደሚሄድ አየሁ። አልቆጣሁትም። ወረቀት ላይ አብረን ደመርነው። የአንድ ወሩን ብቻ። ድምሩን ሲያይ ዝም አለ። አላቆመም፤ በሳምንት ወደ 2 ቀን አወረደው። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስልክ ልከልክል?

ማሽን ላይ አዎ። መቁረጫውና ማተሚያው አጠገብ ቅርጫት አለ፤ ስልክ እዚያ ይገባል። የእኔም ይገባል። ከማሽን ውጪ ግን እንዴት ይከለከላል? ትዕዛዝ የሚመጣው በቴሌግራም ነው።

የእኛን የቲክቶክ ገጽ የምትይዘው የ21 ዓመት ልጅ ናት። ሥራ ሲታተም ትቀርጻለች። ደንበኛው ሳይፈቅድ እንዳትለጥፍ ተነጋግረናል። ለዚህ በሳምንት 3 ሰዓት የሥራ ጊዜ ተመድቦላታል። ተደብቃ ታየው የነበረው ነገር ሥራዋ ሆነ።

ሁልጊዜ ያረፍዳል። ማባረር እችላለሁ?

መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቅ። እኔ ጋ አንዱ የሚያረፍደው ታናሽ እህቱን ትምህርት ቤት ስለሚያደርስ ነበር። መግቢያውን በ30 ደቂቃ አሳለፍኩለት፣ ማታ በ30 ደቂቃ ያካክሳል። አለቀ።

ምክንያት ከሌለው ሕጉ መንገድ አለው። ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ካረፈደ፣ ወይም በጠቅላላው 5 ቀን ከሥራ ከቀረ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠበቅ ውሉን ወዲያው ማቋረጥ ይቻላል። በጽሑፍ የሚለው ቃል ላይ አተኩር። በአፍ የተናገርከው ሁሉ አይቆጠርም። ብዙ አሠሪ በሥራ ክርክር የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

ስህተት ሲሠራ እንዴት ልንገረው?

ይህን የተማርኩት ልጅ አጥቼ ነው።

4 ዓመት ሆነው። እጁ የተባረከ ልጅ ነበር። የሠርግ ካርድ ሲያትም የሙሽራዋን ስም አንድ ፊደል ስቶ 300 ካርድ አወጣ። ደንበኛዋ ቆማ ነበር። እሷ ፊት ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ማሽኑን አጠፋ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። ወሩ ሊያልቅ 4 ቀን ነበር የቀረው። ደመወዙን ሊወስድ እንኳ አልመጣም። ስደውል አያነሳም። በዚያን ጊዜ ደመወዝ በፖስታ ነበር የምከፍለው። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ቴሌግራሙን ከፍቼ አየሁ። ስሙን አሳስታ የላከችው ደንበኛዋ ራሷ ናት። ልጁ የተላከለትን ነው ያተመው።

ያኔ ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ምን ሆኖ ነው?" የሚለው። አሁን ማንኛውም ስህተት ሲመጣ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው። ሰው በሌለበት። ጓዳ አለችን፣ እዚያ እንገባለን። የሆነውን እሱ ይናገራል፣ ከዚያ እኔ። በመጨረሻ "እንዳይደገም ምን እናድርግ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ዛሬ ደንበኛ ናሙናውን አይቶ ሳይፈርም ምንም አናትምም። ይህን ሐሳብ ያመጣችው ከእኔ ጋር ጓዳ የገባች የ20 ዓመት ልጅ ናት።

ድሬ ላይ ልጆች ብዙ ይቀልዳሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ። ቻይ ይመስላሉ። ሰው ፊት መዋረድን ግን አይችሉትም። ማን ይችላል?

የተበላሸውን ዕቃ ከደመወዙ ልቁረጥ?

እንደ ፈለግህ አይቆረጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በዚያም ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። እኔ አልቆርጥም። የሚቆረጥበት ልጅ ሲሳሳት ይደብቃል። የተደበቀ ስህተት ደግሞ ደንበኛ እጅ ላይ ነው የሚገኘው።

ረመዳን ላይ ሰዓት ልቀይር?

ቀይር። እኛ ቀደም ብለን ገብተን፣ የሚጾሙት ከኢፍጣር በፊት ደህና አድርገው ቤታቸው እንዲደርሱ እናደርጋለን። የማይጾሙት ማምሻውን ይሸፍናሉ። በገናና በፋሲካ ደግሞ ሙስሊሞቹ ይገባሉ። ይህን እኔ አላዘዝኩም። ልጆቹ ራሳቸው ያደረጉት ነው።

ሴት ሠራተኞቼ ማታ ሥራ ስላቸው አይፈልጉም። ለምን?

ጥያቄውን የጠየቀኝ የካፌ ባለቤት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ እንዴት ቤቷ እንደምትገባ ጠይቋት አያውቅም። ባጃጅ ውድ ነው፣ ሰፈሩ ጨለማ ነው። አንድ የታወቀ የባጃጅ ሾፌር በወር ተስማምቶ ያዘላቸው። አሁን ማታ የሚሠሩ 3 ሴቶች አሉት።

የወሊድ ፈቃድም 120 ቀን ነው፤ 30 ከመውለዷ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ፣ ከነደመወዙ። ይህን ፈርተህ ሴት አልቀጥርም ካልክ ከከተማው ጥሩ ሠራተኛ ግማሹን ዘጋህ ማለት ነው።

ከ18 ዓመት በታች ልጅ ማሠራት ይቻላል?

ከ15 ዓመት በታች አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል አይሠራም። አደገኛ ሥራም አይሰጠውም። "የዘመድ ልጅ ነው" ማለት ሕጉን አይለውጠውም።

የዘመድ ልጅ ብቀጥርስ?

ከሌሎቹ ጋር ያው ወረቀት ላይ ይፈርም። ያው ሰዓት ይግባ። ካልሆነ ሌሎቹ ልጆች ያዩሃል።

አሠልጥኜው ጥሎኝ ይሄዳል። ለምን ልልፋ?

ይህ ጥያቄ ያማል። እኔንም ያመኛል። ዲዛይን አስተምሬ፣ ማሽን አሳይቼ፣ የሄዱብኝ ልጆች አሉ። መልካ ጀብዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ተጀምሯል። ጅቡቲም ቅርብ ናት። ልጆቹ አማራጭ አላቸው። አማራጭ ያለውን ሰው በግድ ማቆየት አይቻልም።

ግን ይህችን ከተማ አስባት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስ ድሬዳዋ ድሬዳዋ አትሆንም ነበር። የምድር ባቡር ትልቁ ጋራዥ እዚህ ነበር። እዚያ ገብቶ ብየዳ፣ ብረት መቅረጽ፣ ሞተር የተማረው ሰው ሁሉ እዚያው አልቀረም። ወጥቶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፣ ልጁን አስተማረ፣ የጎረቤት ልጅ አስተማረ። ዛሬ መኪናህን የሚሠራልህ መካኒክ ማን እንዳስተማረው ወደ ኋላ ብትቆጥር ብዙ ጊዜ ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ነው የምትደርሰው። ባቡር ድርጅቱ "ይሄዱብኛል" ብሎ ባያስተምር የድሬ እጅ ከየት ይመጣ ነበር?

በተግባር የማደርገው ደግሞ ይህ ነው። ከቀጠርኩት ልጅ ጋር በዓመት አንዴ ቁጭ ብለን "ከዓመት በኋላ ምን መሆን ትፈልጋለህ?" እለዋለሁ። አንዱ "የራሴን ሱቅ" አለኝ። አልደነገጥኩም። "እሺ፣ ዋጋ ማውጣት ትማራለህ፤ አንተም 2 ዓመት ትቆይልኛለህ" አልኩት። 3 ዓመት ቆየ። አሁን አሸዋ በሚባለው ሰፈር ትንሽ ማተሚያ ቤት አለው። ትልቅ ባነር ሲመጣበት ወደ እኔ ይልካል፤ እኔም ትንንሽ ስቲከር ወደ እሱ እልካለሁ። ሐሳቡን ደብቆ ቢቆይ ኖሮ አንድ ሰኞ ጠዋት ሳይመጣ ይቀር ነበር።

መልቀቅ የፈለገ ሠራተኛ በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ብዙ ልጆች ይህን አያውቁም። ሲቀጠሩ ንገራቸው። የሚፈሩህ ከሆነ ግን ሕጉን ቢያውቁም አይነግሩህም።

ምሩቅ ልቅጠር ወይስ የቴክኒክና ሙያ ልጅ?

እንደ ሥራው ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው መጻፍና ማሰብ ይችላል፤ እጁ ግን ጊዜ ይፈልጋል። 4 ዓመት ተምሮ ወረቀት ተሸከም ሲባል ቅር ይለዋል። መሸከሙ እስከ መቼ እንደሆነ ንገረው፤ ማብቂያ ያለው ነገር ይቻላል። ከቴክኒክና ሙያ የመጣው እጁ ፈጣን ነው። ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ግን ያፍራል። ሁለቱን አጣምሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

አሮጌ ሠራተኞቼ ከወጣቶቹ ጋር አይግባቡም።

እኔ ጋ ኦፍሴት ማሽኑን የሚይዘው ሰው 58 ዓመቱ ነው። ማሽኑ ሲታመም በድምፁ ያውቃል። ልጆቹ ግን "ዲዛይኑን በፍላሽ አምጣ" ሲሉት ይናደዳል። ለወራት እንዲህ ቆዩ። ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ። ሰኞ ጠዋት ለ20 ደቂቃ እሱ ስለ ማሽኑ ያሳያቸዋል። ሐሙስ ጠዋት ለ20 ደቂቃ አንዷ ልጅ ኮምፒውተር ታሳየዋለች። መጀመሪያ ሳምንት ሐሙስን ቀረ። በሁለተኛው መጣ። አሁን ፋይሉን ራሱ ይከፍታል፣ ቀለሙ ልክ ካልሆነ ከመታተሙ በፊት ይይዘዋል። ልጆቹ እሱን አሁንም "አንተ" ነው የሚሉት። ቁርስ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ልጁ ሲለቅ ምን መስጠት አለብኝ?

የቀረውን ደመወዙን፣ ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ። ፈቃዱ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ሲጠይቅ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ለስንት ጊዜ፣ ደመወዙ ስንት እንደነበር የሚገልጽ። ተጣልታችሁ ብትለያዩም መስጠት ግዴታህ ነው።

ያ የሠርግ ካርዱ ልጅ ከ2 ዓመት በኋላ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። "አንቺ፣ የሥራ ልምድ ፈልጌ ነበር" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ግባ አልኩት። ስለ ደንበኛዋና ስለ ስሙ የማውቀውን ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኩት። "አውቃለሁ፤ ያኔም ልነግርሽ ነበር" አለኝ። ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ማህተም አደረግሁበት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን አወጣሁለት።